አራት ትከሻ

ከባጃጅ ጋራዡ ጎን፣ ከዱቄት ወፍጮው ማዶ፣
አቧራና ሰጋቱራ ባንድ ነፋስ ተዋልዶ
ከማይለይበት ነው፣ አዳማ፣ የእኔ እንጨት ቤት።
አልጋ እሠራለሁ፤ ቁም ሣጥን፤ በርና መስኮት፤
ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ በርከት ያለ ሣጥን።
(የትኛውን እንደሆነ ሰው ያውቃል፤ አልጠራም ስሙን።)

አንድ ማክሰኞ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
አንዲት ሴት ገባች፤ ቀሚሷ ሰፊ፣ የፊት ጥርሷ ወርቅ።
ከኋላዋ ልጇ ኢድሪስ፣ የጨርቅ ፋብሪካው መሐንዲስ፤
አማርኛው ገና ጅምር፣ እጅጌ እንደሌለው ልብስ።
«እናቴ ናት» አለኝ፣ «ለሠርጌ ከፌዝ መጣች።»
ከፌዝ? ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ሴትዮዋ ግን አልሳቀች።
ፌዝ ለካ የከተማ ስም ነው፣ በሞሮኮ ምድር፤
ላላ ዙበይዳ በስልኳ አሳየችኝ የማላውቀው ነገር፦
እግር የሌለው ወንበር፣ ጉልላት የደፋ፣ ወርቅ የተቀባ፣
ከሥሩ ሁለት ዘንግ።
«አማሪያ» ይባላል። አውሮፕላኑ አልጫነውም፣ ገዝፎበት፤
እኔ እንድሠራው ነው የመጡት፣ በዘጠኝ ቀን፣ ለሠርጉ ሌት።

እንዳልገባኝ አይታ ሰጋቱራው ላይ በጣቷ ሣለች፤
መሐል አንዲት ልጅ፣ ባራቱ ማዕዘን አራት ወንዶች።
ከዚያ ተነሥታ ዞረች፣ በዚያ ወርዷ፣ ክንዷን ዘርግታ፤
ተለማማጄ መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ፣ ሳይመታ።
«ሙሽራይቱን በትከሻ ተሸክመው ያዞሯታል።»
ዝም አልኩ። እኛ ሰፈር በአራት ትከሻ የሚሄድ ይታወቃል።

ወለላን ሳገባት ከወንጂ ያመጣት የሸንኮራ ተጎታች ነው፤
አገዳ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ነፋስ እየገለበው።
ሠላሳ ዓመት በእግሯ ሄደች፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ እኔ።
አንድ ቀን ብቻ በትከሻ ወጣች። ሣጥኑን የላግሁት እኔ።

ሆኖም ሠራሁት። ከግራቪሊያ፣ እንዲቀልል፤
ጉልላቱ ሦስቴ ፈረሰብኝ፣ እንደ ሰካራም ቃል።
ወርቅማው ቀለም ከመኪና ቀቢው የተለመነ ነው።
ላላ በርጩማ ስባ ምስማር ታቀብለኛለች፣
አንድ ሰው እያማች፤ ማን እንደሆነ እንጃ፣
ሐሜቱ ግን ይገባኛል።

የሂናው ማታ «መለኪያ ቀርቶኛል» ብዬ ገባሁ።
ኑሪያ አረንጓዴ ለብሳ፣ እጅ እግሯን ዘርግታ፤
መዳፏ ላይ የአበባው ሐረግ ገና እርጥብ ነው፤
አፍንጫዋን ሲበላት ታናሽ እኅቷ ታክክላታለች።
አዴ ሸምሲያ ከዶኒ ወተት አስመጥታለች፣ በጮጮ፤
ላላ ደግሞ ተምርና ወተት፣ በብር ጽዋ።
«ወተት የኛ ወግ ነው!» «የለም፣ የኛ!»
አንዷ ባረብኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፤
ኢድሪስ መሐል ቆሞ መተርጐሙን ተወ።
ኋላ ጮጮው ጽዋው ላይ ተገለበጠ። ጠጡ።

በሠርጉ ሌት ሰባት ቀሚስ ተቀየረ፤
አምስተኛው ላይ አንዲት አክስት ግራ ገብቷት፦
«ይቺ ደሞ የማን ሙሽራ ናት?»
አራት ባጃጅ ነጂዎች መርጬ ነበር፣ ቁመታቸውን በሜትር ለክቼ፤
አንዱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቀረ።
እኔ ገባሁበት። አጭር ነኝና መጋረጃ አጥፌ
ትከሻዬ ላይ ደረብሁ።

ብድግ!
እልልታው የፌዝ ይሁን የአዳማ አልለይ አለ።
ከበደችኝ። ግን የማውቀው ክብደት አይደለም፤
ያኛው ዝም ይላል፣ ሥፍራውን አይለቅም።
ይቺ ወደ ቀኝ ታጋድላለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣
ዘንጉ ሥጋዬን ይነክሰኛል፣ ትስቃለች።
ሕያው ሰው ትከሻ ላይ እንደሚንቀሳቀስ
ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም።

አሁን አማሪያው እንጨት ቤቴ ቆሟል፤ ላላ ትታልኝ ሄደች።
መቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ አንድ ዶቃ ገብቷል፣
ከስድስተኛው ቀሚስ ይመስለኛል፤ አላወጣሁትም።
አላፊው «ኪራዩ ስንት ነው?» ይላል፤
ሣጥን ሊያዝዝ የመጣም ቆም ብሎ ያየዋል።
ትከሻዬ እስከ ዓርብ ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ።
ጎረቤቴ ቅባት ላከችልኝ፤
ሳልከፍተው መስኮቱ ላይ አለ።